«አንተ እንዳልክ»፦ በመጠናናት ውስጥ ራስን አለማጣት

ከሦስት ዓመት የፍቅር ግንኙነት የወጣች አንዲት ወዳጄን ፊልም እንድናይ ጋበዝኳት። ቲኬት መቁረጫው ጋ ስንደርስ «የቱን እንይ?» አልኳት። የተለጠፉትን ፖስተሮች ከግራ ወደ ቀኝ አየቻቸው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ደግሞ ተመለሰችባቸው። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ «እሱ ቢሆን ይሄኛውን ነበር የሚመርጠው። እኔ ግን ምን እንደምወድ አላውቅም» አለችኝ። የምታወራው ስለ ፊልም ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ «የት እንሂድ? መቼ እንገናኝ? ማንን እንጠይቅ?» ሲባል መልሷ አንድ ነበር፦ «አንተ እንዳልክ»።

ማንም አላስገደዳትም። ይህን እሷው ራሷ ደጋግማ ነግራኛለች። ሰውዬው አልሰደባትም፣ አልመታትም፣ አልከዳትም። ፍቅር ስለሚያደርሰው ጉዳት ስናወራ ቶሎ የሚመጣልን ክህደት፣ ውሸትና ጥቃት ነው፤ እነዚህ ከሳሽም ተከሳሽም አላቸው። የእሷ ዓይነቱ ጉዳት ግን ከሳሽ የለውም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። አንድ ቀን የጓደኛን ልደት መቅረት፣ ሌላ ቀን የማይስማሙበትን ሐሳብ ሰምቶ ራስ መነቅነቅ፣ ሌላ ቀን የሚወዱትን መዝሙር ወይም ዘፈን ማጥፋት ይመጣል። እያንዳንዱ ብቻውን ሲታይ ምንም አይደለም። ሲደመር ግን ሰውየው ራሱን ፈልጎ የሚያጣበት ቀን ይደርሳል።

በመጠናናት ላይ ያሉ ብዙ ወጣቶች የሚጠይቁት «ትክክለኛውን ሰው እንዴት ላግኝ?» ብለው ነው። እኔ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ እላለሁ፤ ሰውየውን ሳገኘው እኔ የት እሆናለሁ?

ፍቅር ወደ ማንነት ሲገባ

እ.ኤ.አ. በ2010 ኤሪካ ስሎተር፣ ዌንዲ ጋርድነርና ኤሊ ፊንከል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከመለያየት በኋላ በሰዎች ማንነት ላይ የሚሆነውን ያጠኑበትን ሥራ አሳተሙ። ያገኙት ነገር ከወዳጄ ጋር ፖስተሮቹ ፊት የቆምኩ ያህል ይሰማኛል። ከፍቅረኛቸው የተለዩ ሰዎች የሚያዝኑት ያ ሰው ስለሌለ ብቻ አይደለም። «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ የነበራቸው መልስም ይደበዝዛል፤ የመደብዘዙ መጠንም ከሐዘናቸው ክብደት ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ አንዳንድ ሰው ከተለያየ በኋላ «ምን ሆኜ ነው እንዲህ የማልነሣው?» ሲል ራሱን ባይወቅስ ደግ ነው። ሁለት ነገር ነው ያጣው፤ ሰውየውንና ከሰውየው ጋር ሆኖ የነበረውን ራሱን።

ይህ ለምን ይሆናል? አርተር አሮንና ኢሌን አሮን የተባሉት ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የሠሩበት ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳል። ሰው ሲቀራረብ የሌላውን ሰው ዕውቀት፣ ልማድ፣ ጓደኞችና የዓለም እይታ በከፊል የራሱ ያደርጋል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ያወጡት መለኪያ በጣም ቀላል ነው። ሁለት ሁለት ክብ ያላቸው ሰባት ሥዕሎች አሉት። በመጀመሪያው ሁለቱ ክቦች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በመጨረሻው አንዱ ሌላውን ሊሸፍነው ምንም አልቀረውም። ተጠያቂው «የእኛን ግንኙነት የሚመስለው የቱ ነው?» ተብሎ ይመርጣል። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሦስት ዓመት በኋላ ባሳተሙት ሌላ ጥናት ፍቅር የያዛቸው ተማሪዎች ስለ ራሳቸው ሲገልጹ ከበፊቱ የበዛና የተለያየ ነገር እንደሚናገሩ አሳይተዋል። ፍቅር ሰውን ያሰፋዋል ማለት ነው።

ስለዚህ መቀራረቡ ራሱ በሽታ አይደለም። «ማንንም ወደ ልብህ አታስገባ፣ ራስህን ጠብቅ» የሚለው ምክር ከልምድ የመጣ ቢመስልም እኔ አልቀበለውም። ካሪል ራስበልትና ስቲቨን ድሪጎታስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት «የሚኬላንጄሎ ክስተት» የሚባል ግኝት አለ። ስሙ የመጣው ሐውልቱ ድንጋዩ ውስጥ ተደብቆ አለ፣ የቀራጺው ሥራ ትርፉን አንስቶ ማውጣት ነው ከሚለው ሐሳብ ነው። ጥሩ የፍቅር ጓደኛም እንዲሁ ነው፤ አንተ ልትሆን የምትመኘውን ሰው አይቶ ወደዚያ እንድትደርስ ያግዝሃል። መጻፍ የምትፈልገውን ሴት «የጻፍሽውን አንብቢልኝ» የሚላት ወንድ እንዲህ እያደረገ ነው። ክቡ በክቡ ላይ መደረቡ ሳይሆን የሚያስፈራው፣ ከታች ያለው ክብ መፋቁ ነው።

ሁለቱን ለመለየት እኔ የምጠቀምበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ከዚህ ሰው ጋር ከሆንኩ ወዲህ የጨመርኩት ምንድን ነው፣ የተውኩትስ ምንድን ነው? የጨመርኩት ብዙ፣ የተውኩትም ጥቂት ከሆነና የተውኩትን ለምን እንደተውኩት ማስረዳት ከቻልኩ ደኅና ነኝ። የተውኩት ሲበዛና ምክንያቱ «እንዳይከፋው ብዬ» ብቻ ሲሆን፣ ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ አለብኝ።

ይሉኝታና ትንሿ «አይ»

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ዳና ጃክ በመንፈስ ጭንቀት የሚሠቃዩ ሴቶችን ታሪክ ስታጠና ተደጋግሞ የገጠማት አንድ ነገር ነበር። ሴቶቹ ግንኙነታቸው እንዳይፈርስ ሲሉ ሐሳባቸውን፣ ፍላጎታቸውንና ንዴታቸውን ይውጡ ነበር። ይህን ጠባይ «ራስን ዝም ማሰኘት» ብላ ሰየመችው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ መለኪያም አወጣችለት። መለኪያው ውስጥ ካሉት ነጥቦች አንዱ ልብ ይነካል፤ ከውጭ ደስተኛ መስሎ ከውስጥ መቆጣትና ማመፅ። ወንዶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። «ወንድ ልጅ ስሜቱን አያወራም» ተብሎ ያደገ ሰው ዝምታውን ጥንካሬ ብሎ ስለሚጠራው ነው የማይታወቅበት።

ለዚህ አማርኛ ከየትኛውም የምሁር ቃል የሚበልጥ ቃል አለው፤ ይሉኝታ። «ምን ይለኛል?» ማለት። ይሉኝታ ሰውን ከመጉዳት የሚያቅብ መልካም ነገር ነው፤ ልክ ሲያልፍ ግን ሰው የማይፈልገውን «እሺ» ያሰኘዋል። ሳማንታ ጆኤል ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመችው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ለግማሾቹ ተሳታፊዎች የማይማርካቸው ሰው ለፍቅር ቀጠሮ ቢጋብዛቸው ምን እንደሚሉ በሐሳብ ቀረበላቸው። ለሌሎቹ ግን ግብዣው የምር እንደሆነ፣ ሰውየውም እዚያው አጠገብ ባለ ክፍል እንዳለ ተነገራቸው። በሐሳብ ደረጃ «አይሆንም» ማለት ቀላል ነበር፤ የምር ሲሆን «እሺ» የሚለው ሰው ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። ምክንያታቸው የሰውየውን ስሜት ላለመጉዳት መፈለግ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት እንዲህ ነው፦ «እኔ እንዲህ ቢያደርገኝ ወዲያው እተወዋለሁ» የሚለው ፉከራ ብዙ ዋጋ የለውም። ሰው ጭንቅ ያለበት ሰዓት ላይ ሲደርስ የሚያወጣው የለመደውን ነው። ትንሿን «አይ» ያልለመደ ሰው ትልቋን «አይ» ከየት ያመጣታል? ስለዚህ ልምምዱ መጀመር ያለበት ምንም በማይጎዳበት ቦታ ነው። «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እንገናኝ።» «ይህን ሙዚቃ አልወደውም፣ እንቀይረው?» «በዚህ ሐሳብ አልስማማም።» እነዚህ ንግግሮች ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምረው ሲሰሙ ሌላው ሰው የሚተዋወቀው ከእውነተኛው ሰው ጋር ይሆናል። ሁለት ወር ሙሉ ሁሉን ነገር የሚወድ መስሎ የቆየ ሰው በሦስተኛው ወር እውነቱን ሲናገር «ተለወጥክ» ይባላል። «ተለወጥክ» ባዩም አልዋሸም፤ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነበርና።

ትንሿ «አይ» ሁለተኛ ጥቅም አላት፤ እንዲያውም ለእኔ የሚበልጠው ይህ ነው። ያንን ሰው ታሳየናለች። «ዛሬ አልችልም» ስትዪው ምን ይሆናል? አንዱ «እሺ፣ መቼ ይሻልሻል?» ይላል። ሌላው ቅር ብሎት «ናፍቀሽኝ ነበር» ይልና ያልፈዋል፤ ይህም የሰው ወግ ነው። ሦስተኛው ግን ስልኩን ይዘጋል፣ ሁለት ቀን ይጠፋል፣ ሲመለስም ምክንያቱን ሳይናገር ፊቱን ያጠቁራል። አንዳንዱም «ብትወጂኝ ኖሮ ትመጪ ነበር» ይላል። ይህቺ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ፍቅርን የመታዘዝ ፈተና ስለምታደርገው ከሁሉም በላይ ልትጠነቀቂያት ይገባል። ሰውን በደስታው ሰዓት ማወቅ አይቻልም፤ ያልፈለገውን መልስ ሲሰማ ግን ብዙ ይገለጣል።

እዚህ ላይ ግን በግልጽ መለየት ያለበት ነገር አለ። «አይ» ማለት ዛቻን፣ መከታተልን፣ ስልክን መቀማትን ወይም እጅ ማንሣትን የሚያመጣ ከሆነ ጉዳዩ የመጠናናት ልማድ መሆኑ አብቅቷል። ያ አደጋ ነው። በአደጋ ውስጥ ላለ ሰው «ድምፅሽን አሰሚ» ብሎ መምከር ኃላፊነት የጎደለው ነው። የሚቀድመው ለሚያምኑት ሰው መናገር፣ ብቻ አለመሆንና በደኅና መውጫ መንገድ ማዘጋጀት ነው። ጥፋቱም የመቺው እንጂ «አይ» ማለት ያልቻለው ሰው አይደለም።

ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ የምሰማው ሌላ ቃል «ድንበር» ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ አጠቃቀሙ ግን እየተበላሸ ነው። «ድንበሬ ነው፣ ከወንድ ጓደኞችሽ ጋር እንዳትወጪ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ይህ ድንበር ሳይሆን ትእዛዝ ነው። ድንበር ስለ ራሴ እርምጃ ነው፤ «በሚሰድበኝ ሰው ፊት አልቀመጥም፣ ስንረጋጋ እናወራለን» ማለት ነው። ሌላውን ሰው ማሰሪያ ገመድ ሲሆን ስሙ ተቀየረ እንጂ ያው የቀድሞው ቁጥጥር ነው።

የስልኩ ብርሃን

ሌሊት ስድስት ሰዓት ነው። አንድ ወጣት አልጋው ላይ ተጋድሞ «እንዴት ዋልሽ?» ብሎ የላከው መልእክት መነበቡን ያያል። መልስ የለም። ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ መልሶ ያነሣዋል። «እየጻፈች ነው» የሚለው ምልክት ብቅ ይልና ይጠፋል። ልቡ ይመታል። «ምን አጠፋሁ?» እያለ ያለፈውን ሳምንት ንግግር ወደ ላይ እየሳበ ያነባል። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ «ይቅርታ፣ ተኝቼ ነበር» የሚል መልእክት ከአንድ ልብ ምልክት ጋር ሲመጣ የሚሰማው እፎይታ ከደስታ ሁሉ ይበልጥበታል። «እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ በእርግጥ ወድጃታለሁ» ይላል።

እኔ ግን የዚያ ሌሊት ስሜት ስለ ልጅቷ የሚናገረው ጥቂት ነው ባይ ነኝ። ቻርልስ ፈርስተርና ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሰፊ የቤተ ሙከራ ሥራ እንዳሳዩት፣ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሲሆን በሙከራው ውስጥ ያለው እንስሳ ሽልማቱን የሚያስገኝለትን ቁልፍ ያለ ዕረፍት ይመታል፤ ሽልማቱ ከተቋረጠም በኋላ ቶሎ አይተውም። የቁማር ማሽንም ሰውን የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ቀን ሞቅ፣ ሦስት ቀን ቀዝቀዝ የሚል ሰውም ሳያስበው እንኳ ይህንኑ ይሠራል። ዶሮቲ ቴኖቭ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣችው ሥራዋ ሰውን ቀንና ሌሊት የሚያብሰለስለውን ብርቱ ስሜት ስትገልጽ፣ የሚያፋፍመው የተስፋና የጥርጣሬ መቀላቀል እንደሆነ ጽፋለች። ተስፋው ፈጽሞ ቢቆረጥ ስሜቱ ይበርዳል፤ ጥርጣሬው ፈጽሞ ቢጠፋም እንዲሁ ይሰክናል። በመካከል ሲንጠለጠል ግን ይነድዳል።

የልብ ምት ደግሞ ምንጩን አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ደተንና አርተር አሮን በካናዳ በሚገኘው በካፒላኖ ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ያደረጉት ሙከራ በሰፊው ይታወቃል። በሚወዛወዘው ከፍ ያለ ድልድይ ላይ አንዲት ሴት ያነጋገረቻቸው ወንዶች፣ በጠንካራው ዝቅተኛ ድልድይ ላይ ካነጋገረቻቸው ይልቅ በኋላ ስልክ የደወሉላት በዝተው ተገኙ። ፍርሃቱን መማረክ አድርገው ተርጉመውታል የሚል ነው ማብራሪያው። እንግዲህ «ሆዴ ተላወሰ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ስለዚህ ፍቅር ነው» የሚለው ስሌት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንዴ ድልድዩ እየተወዛወዘ ብቻ ነው። ቃሉን በሚያከብር ሰው አጠገብ የሚሰማን ሰላም «ምንም ስሜት የለኝም» ተብሎ ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል፤ ጭንቀትን ለለመደ ሰው ሰላም ባዶነት ሆኖ ነው የሚሰማው።

ስልክን መራገም ግን አልፈልግም። ማይክል ሮዘንፌልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳተሙት፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተዋወቁት የተቃራኒ ጾታ ጥንዶች 39 በመቶ ያህሉ የተገናኙት በኢንተርኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና ፎቶን ወደ ቀኝና ወደ ግራ በመግፋት መምረጥን ያስለመደው ቲንደርም ሆነ ሌሎቹ መተግበሪያዎች የመተዋወቂያ በር መሆናቸው አይካድም። ችግሩ በሩ ላይ ቆሞ መቅረት ነው። ከሰው ጋር ወር ሙሉ በጽሑፍ ብቻ ያወራ ሰው ያፈቀረው በአብዛኛው ራሱ በሐሳቡ የሞላውን ክፍተት ነው። ቶሎ በአካል መገናኘት፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ የሚያምኑት ሰው የት እንዳሉ እያወቀ፤ ይህ ከሃምሳ ረጅም መልእክት ይሻላል።

ዝርዝር ይዞ መፈለግም እንዲሁ የሚታሰበውን ያህል አይጠቅምም። ፖል ኢስትዊክና ኤሊ ፊንከል ሰዎች በጥቂት ደቂቃ እየተቀያየሩ በሚተዋወቁበት መድረክ ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ አስቀድመው «እንዲህ ያለ ሰው ነው የምፈልገው» ያሉት በአካል ሲገናኙ ከማረካቸው ሰው ጋር እምብዛም አልገጠመም። ቁመት፣ ሥራ፣ የመኪና ዓይነት መጻፍ ቀላል ነው። ከሰውየው ተለይቼ ወደ ቤት ስሄድ ራሴን ምን ያህል እንደምወደው መጻፍ ግን አይቻልም፤ ሄዶ ማየት ይጠይቃል።

«መጀመሪያ ራስህን ውደድ»

ይህ ምክር በየቦታው ይሰማል፤ ሰውን ሲያስጨንቅም አይቻለሁ። ራስን መውደድ ከመጠናናት በፊት ታልፎ ሰርተፊኬት የሚወሰድበት ፈተና ይመስል፣ «ገና ራሴን ስላልፈወስኩ ሰው አልቀርብም» እያሉ ዓመታት የሚያሳልፉ አሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሊሪ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንዳስረዳው፣ ለራሳችን ያለን ግምት በሰዎች ዘንድ ያለንን ተቀባይነት እንደሚያሳይ መለኪያ ሆኖ ነው የሚሠራው። መለኪያውን በብቸኝነት ክፍል ዘግቶ «ከፍ በል» ማለት አይቻልም። ሰው ማንነቱን የሚያጠነክረው ከሰው ጋር ሆኖ፣ እየተናገረ፣ እየተሰማ፣ እየተሳሳተና እየታረመ ነው።

ምክሩ ውስጥ እውነት ያለው ክፍል ሌላ ነው። ቺፕ ኒ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳየው፣ ለራሳቸው የሚሰጡት ዋጋ ሙሉ በሙሉ በፍቅር ግንኙነታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሰዎች ዕለታዊው ትንሽ ነገር ሁሉ ያነሣቸዋል፣ ይጥላቸዋል። ከሥራ ደክሞት የመጣ ፍቅረኛ ዝም ቢል «ጠልቶኛል» ይሆናል። መፍትሔው ፍቅርን መሸሽ ሳይሆን ቤቱን በአንድ ምሰሶ አለማቆም ነው። የቆየ ጓደኛ፣ የሚወዱት ሙያ፣ እህት ወንድም፣ እምነት፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቻቸውን የሚያደርጉት ነገር፤ እነዚህ አዲስ ፍቅር ሲገባ መጀመሪያ የሚሠዉ መሆናቸው ነው የሚያሳዝነው። አዲስ ግንኙነት የጀመረን ሰው አንድ ነገር ብቻ ምከር ብባል «በሳምንት አንዱን ቀን እንደ ድሮህ ኑረው» እለዋለሁ።

የቁርኝት ነገር ሳይነሣ አያልፍም። ጆን ቦውልቢ በሕፃንና በአሳዳጊው መካከል ያለውን ቁርኝት ካጠና በኋላ፣ ሜሪ አይንስዎርዝም ዓይነቶቹን ከለየች በኋላ፣ ሲንዲ ሃዛንና ፊሊፕ ሼቨር እ.ኤ.አ. በ1987 ሐሳቡን ወደ አዋቂዎች ፍቅር አመጡት። በጋዜጣ ላይ ባወጡት መጠይቅ መልስ ከሰጡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመቀራረብ የማይጨነቁ ሆነው ተገኙ፤ የቀሩት መተውን የሚፈሩና መቀራረብን የሚሸሹ ነበሩ። ዛሬ ይህ ዕውቀት እንደ ኮከብ ቆጠራ ሆኗል። «እኔ ተጨናቂ ነኝ፣ እሱ ሸሺ ነው» ተብሎ ይደመደማል። የተረሳው ግን እነዚህ ጠባዮች በዕድሜና በጥሩ ግንኙነት የሚለወጡ መሆናቸው ነው። ደግሞም የሚሸሸውን ሰው «ጠንካራ» ብሎ ማድነቅ ስሕተት ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ መሬይ ቦወን እንዳስተማረው፣ በሌላው ስሜት ውስጥ መቅለጥና ከሌላው ፈጽሞ መቆረጥ የአንድ ችግር ሁለት ፊት ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ሰውየው በሌላው አጠገብ ቆሞ ራሱን ሆኖ መቆየት አልቻለም።

ሲሮጡ የታጠቁት

ስኮት ስታንሊና ጋሌና ሮድስ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያነሡት ልዩነት ለብዙ ጥንዶች ዓይን ገላጭ ይመስለኛል። በውሳኔ መግባትና ተንሸራቶ መግባት ይለያያሉ። አንዱ ልብስ መተው ይጀምራል፣ ቀጥሎ የጥርስ ብሩሽ፣ ከዚያ የኪራይ ውሉ ሲያበቃ «ለምን ሁለት ቤት እንከፍላለን?» ይባላል፤ ሁለቱ ሰዎች «አብረን መኖር እንፈልጋለን ወይ?» ተባብለው ሳይጠያየቁ አብረው ይኖራሉ። ከዚያ በኋላ መውጣቱ ከባድ ይሆናል፤ ዕቃው አንድ ሆኗል፣ ወጪው አንድ ሆኗል፣ ሰውም ለምዶታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው አንዱ ዕዳው ይህ ነው፤ ሌላው ዕዳው ደግሞ ሳይፈታ ታስሮ መቅረቱ ነው። ስለዚህ በየእርምጃው አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ «ይህን የምናደርገው ፈልገነው ነው ወይስ ስለተመቸን?» ብሎ መጠየቅ ፍቅርን አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ከሆነ ያኔውኑ ማወቁ ይሻላል።

ሰውን ከሚያንሸራትቱት ነገሮች ትልቁ ብቻ የመቅረት ፍርሃት ነው። ስቴፋኒ ስፒልማን ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመችው ጥናት ይህ ፍርሃት የበረታባቸው ሰዎች፣ ወንድም ሴትም፣ ለእነሱ እምብዛም ግድ ለማይሰጣቸው ሰው ጭምር ፍላጎት ያሳያሉ፤ የማያረካ ግንኙነትን ትቶ መውጣትም ይከብዳቸዋል። ይህን ሳነብ ያሳዘነኝ በሰዎቹ ላይ የሚወርደው ጫና ነው። «እስካሁን ሰው የለሽም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ በፈገግታ የሚወረወር ነው፤ ግን ብዙ ሰው ያልፈለገውን «እሺ» ያለው ይህን ጥያቄ ለማምለጥ ሲል ነው። ጠያቂዎቹ እኛ ነን፤ ብንተወው ምን ይጎድለናል?

ወዳጄን ካነሣኋት አልቀረ፣ ከዚያች ምሽት ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በማስታወሻ ደብተሯ ላይ በየቀኑ አንድ ነገር ትጽፍ ነበር፤ «ዛሬ የወደድኩት» እና «ዛሬ ያልወደድኩት»። ጠዋት መራመድ እንደምትወድ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ስልክ ማውራት እንደሚያደክማት፣ ሰው ሲያቋርጣት እንደምትናደድ በዚያ አወቀች። በቅርቡ ከአንድ ሰው ጋር መጠናናት ጀምራለች። ፊልም ለማየት ሄደው ቲኬት መቁረጫው ጋ ሲደርሱ «የቱን እንይ?» ብሎ ጠየቃት። «አንተ እንዳልክ» የሚለው ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር አለችኝ። ዋጠችውና «ቆይ፣ ላስብበት» አለች። ፖስተሮቹን አንድ በአንድ አየች። ከኋላቸው የቆሙት ሰዎች እንዲያልፉ እሱ ወደ ጎን ፈቀቅ አለላቸውና ጠበቃት።